ሳርዲን የተሸከመው ደመኛ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ፣ በወርኃ ታኅሣሥ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ደመወዝ መቀበልም ብርድ መልመድም ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ድሬአለሁ፣ ቀብሬአለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። ሆኖም ዛሬ ወጣቶች ጀርባቸው ላይ ግዙፍ ሻንጣ አዝለው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ዳገት ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ታሪኩን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የሆነ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ይቀራል።

ነገሩ የተጠነሰሰው በጓደኛዬ በገዛኸኝ ነው። ገዛኸኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ከተማው ውስጥ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ጋር ወዳጅነት ስለ ገጠመ፣ በየጊዜው ከእሱ ዘንድ አንድ አዲስ ሥልጣኔ ይዞ ይመጣል። አንድ ሰሞን ጥሬ ካሮት መብላት ነበር። ቀጥሎ በማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ መጣ፤ በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ምን እንደሆነ አገሩን ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ነው ያንን መጽሔት ይዞ የመጣው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ፈረንጆች የራሳቸውን ቁመት የሚያህል ሸክም አዝለው በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ። ይስቃሉም።

«ምነው፣ ከብታቸው አልቆ ነው?» አልኩት።

«ለደስታ ነው እንጂ! ለእግረኛ ብቻ የተሠራ፣ ወራት የሚያስኬድ መንገድ አላቸው። አጋሰስ የለ፣ በቅሎ የለ። ሰው ራሱን የሚያውቀው እንዲህ ሲሄድ ነው።»

እኔ የለሚ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ እህል ይዞ ገበያ ለገበያ ሲዞር ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ራሱን አውቆ ሲመለስ አላየሁም። እግሩን አሞት ነበር የሚመለሰው። ይህን ለገዛኸኝ ብነግረው፣ «አባትህ ለሥራ ስለሚሄዱ ነው፤ ለደስታ መሄድ ሌላ ነው» ብሎ አሳፈረኝ።

ጉዞው ደግሞ የግድ «የክረምት ጉዞ» መሆን ነበረበት፤ መጽሔቱ እንደዚያ ይላል። የኛ ክረምት ጭቃና ጎርፍ ነው ብዬ ተከራከርኩት። ጥቂት አሰበና የፈረንጆቹ ክረምት በታኅሣሥ መሆኑን አስታወሰ። እናም በጠራራ በጋ የክረምት ጉዞ ልናደርግ ተስማማን። መንገዱ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ከዚያ በተራራው ሥር ሥር ሄዶ ደብረ ሲና የሚወጣ ሆኖ፣ ከደብረ ሲና በጭነት መኪና እንመለሳለን።

ገዛኸኝ ከወታደር ቤት የወጣ የሸራ ሻንጣ ገዛ። ውስጡ ድንኳን፣ ድስት፣ መጥበሻ፣ ፋኖስና አንድ ሠርግ የሚያበላ የሳርዲን ቆርቆሮ ከተተ። እኔ መምህር በመሆኔ ደካማ ነኝ ብዬ ቀለል ያለውን ያዝኩ። የምንነሳ ዕለት እናቱ ደጃፍ ድረስ ወጡ።

«ልጄ፣ አህያ ጠፍቶ ነው? የእኔን አህያ ንዳት።»

«ሥርዓቱ አይፈቅድም፣ እማዬ።»

«የምን ሥርዓት?»

«የጉዞው።»

«ባክህ ተው፣ አትሂድ» ብለው ለመኑት። አልሰማ ሲላቸው፣ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ብለው ገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ክፉ አልነበረም። ሜዳው ላይ ውርጩ እስኪቀልጥ እየተንቀጠቀጥን፣ ከቀለጠ በኋላ እያላበን ሄድን። ከባዱ ሸክሙ ሳይሆን ጥያቄው ነበር። ያገኘን ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል። እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት ከኋላ ደርሳብን፣ ለማለፍ ስትል አዘነችልን መሰለኝ፣ እርምጃዋን ቀነሰችልን።

«ምን ትሸጣላችሁ?»

«አንሸጥም።»

«ምን ገዛችሁ ታዲያ?»

«አልገዛንም» አለ ገዛኸኝ እያለከለከ። «ይዘነው እንሄዳለን፣ ይዘነው እንመለሳለን።»

ሴትዮዋ በስመ አብ ብላ አማተበችና ጥላን ሄደች። ከዚያ ሸክሟ ጋር እንዴት እንደ ሮጠች ዛሬም ይገርመኛል።

ያን ዕለት በድንኳን አደርን። ስለ አዳራችን የምለው የለኝም፤ ሲነጋ ሁለታችንም በሕይወት ነበርን።

በማግሥቱ ነገር መበላሸት ጀመረ። በመጀመሪያ የገዛኸኝ አዲስ ጫማ ተረከዙን ላጠው። አውልቆ ሻንጣው ውስጥ ከተተውና በባዶ እግሩ መሄድ ያዘ፤ የቢሮ እግር ነውና ወዲያው ደማ። ቀጥሎ የሻንጣው ማንገቻ ተበጠሰ። ከአንድ ገበሬ ገመድ ለምነን ሻንጣውን ጠፍረን፣ ገመዱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ተሸከመው። በመጨረሻ አጥር ሲሻገር ሱሪው ከኋላው ተተረተረ። ለብሶት የነበረውን ባና ወገቡ ላይ አገለደመ። ከሰዓት በኋላ ወደ አንኮበር አፋፍ ስንቃረብ፣ ከቆላው ጉም ወጣና ከፊታችን ያለውን ሁሉ ዋጠው። ገዛኸኝ ለሁለት ታጥፎ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ያቃስታል። እኔ ከኋላው እከተላለሁ።

በጉሙ ውስጥ ውሻ ጮኸ፤ መንደር ደረስን ብለን ደስ አለን። ጠጋ ስንል አንድ ግቢ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። መስቀል የያዙ ቄስ ቆመዋል። ማንም አያወራም። እኛን ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ።

«አየህ የሕዝባችንን እንግዳ አቀባበል!» አለኝ ገዛኸኝ፣ ቀና ማለት እንኳ አቅቶት።

ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ ኋላ ባላምባራስ ዘለቀ እንደሚባሉ ያወቅሁት፣ እጃቸውን ዘርግተው «ኑ፣ አይዟችሁ፣ ግቡ» አሉ። አንዱ በሹክሹክታ «ሁለት ብቻ ናቸው? አማላጆቹስ?» ሲል፣ ሌላው «ከኋላ ይሆናሉ፣ ጉም ነው» አለው። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ባላምባራስ ክንዴን ያዙና «አንተ እዚህ ቁም። ቃል እንዳትተነፍስ» አሉኝ። ቆምኩ።

ገዛኸኝ ብቻውን ገባ። ግቢው መካከል ጥቁር የለበሱ፣ ደቃቃ ሴትዮ ቆመዋል። አጠገባቸው ሲደርስ ያ የደማ እግሩ እርጥብ ድንጋይ ላይ አዳለጠው፤ ሻንጣው ተጫነውና በግንባሩ እግራቸው ሥር ተደፋ።

«በእግዚአብሔር!» አለ ከመሬት። «አንሱልኝ፣ ሞትኩ!»

ሴትዮዋ ብዙ ቆዩ። ፊቱ አፈር ላይ ስለ ነበር አላዩትም፤ ያዩት የደማውን እግሩን ነው።

«እናት አለህ?» አሉት።

«አለችኝ» አለ ገዛኸኝ።

«እዚህ መምጣትህን ታውቃለች?»

«ታውቃለች። አትሂድ ብላ ለምናኝ ነበር።»

«እኔም ያን ዕለት አትሂድ ብዬው ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ልብሱን አጥቤለት፣ ጥምቀት ልውረድ አለኝ። አትሂድ አልኩት። አንተን አግኝቶ ቀረ።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በአገራችን ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ መንግሥት የፈረደበትን እስራት ጨርሶ ቢወጣም፣ ደሙ አይደርቅም። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ በባዶ እግሩ፣ አገልድሞ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ እግር ሥር ይወድቃል። ከቤተሰቡ አንዱ ድንጋዩን ካነሳለት እርቅ ሆነ። ካላነሳለት ጥይት ይጠብቀዋል። ገዛኸኝን አየሁት። ባዶ እግሩን ነው። አገልድሟል። በአንገቱ ገመድ አለ። አቤት ልበል አልኩና ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና ገመዱን ከአንገቱ አወጡለት።

አንዲት ሴት እልል አለች። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ሁለት ሰዎች ሸክሙን ሊያነሱ ሲጎትቱት የሻንጣው አፍ ተከፈተና መጥበሻው ድንጋይ ላይ ተንኳኳ። ከዚያ ሳርዲኑ ተዘረገፈ። አንዱ ቆርቆሮ እየተንከባለለ ሄዶ ቄሱ እግር ሥር ቆመ። ቄሱ አንስተው አገላብጠው አዩት። ቆርቆሮው ላይ ዓሣ ተሥሏል። እልልታው መሀል ላይ ተቋረጠ።

ይሄኔ ከቤት ውስጥ ምንሽር የያዘ ጎልማሳ ወጣ። የሟች ወንድም ደምሴ ነው። ሽማግሌዎቹ እስኪበርድለት ቤት ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ ጠመንጃውን ስጥ ሲሉት «አልተኩስም፣ ግን አልሰጥም» ብሏቸዋል። ገዛኸኝን በአንገቱ ይዞ ቀና አደረገው።

«ይሄ እሱ አይደለም!» አለ። «ችሎት ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይሄ እሱ አይደለም! ምትክ ልከው ነው! በቅጥረኛ እናቴን ሊያታልሉ!»

ጠመንጃው ገዛኸኝ ደረት ላይ ተደገነ።

«ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም» አለ ገዛኸኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ይህን ሁሉ ተሸክመህ መጣህ?»

ጓደኛዬ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ባይሆን ይሻል ነበር።

«ለመዝናናት» አለ።

ባላምባራስ ዘለቀ ጆሯቸውን የተጠራጠሩ መሰለኝ፣ ጠጋ አሉ። «ለምን አልክ?»

«ለደስታ ነው፣ አባቴ። እግር ለማፍታታት።»

«በዚህ እግር?» አሉ ባላምባራስ።

እዚህ ላይ እኔ መግባት እንዳለብኝ ተሰማኝ። የአገር ልጅ የሚያምነው ነገር መናገር ያስፈልጋል ብዬ ቱር አልኩ። «ስለት ነው! ስለት አለብን!»

የሁሉም ፊት ፈታ አለ። «እንዲህ አትሉንም ነበር!» አሉ ቄሱ። «ለየትኛው ታቦት?»

እኔ «ለሚካኤል» ስል፣ ገዛኸኝ እኩል «ለማርያም» አለ። ደምሴ ጠመንጃውን አቀባበለ።

እኔ ፈጣሪዬን ስጠራ፣ ውሻው እንደገና ጮኸ። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ብቅ አሉ። ሁለት አማላጅ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ይዘዋል። ባዶ እግሩን ነው፣ አገልድሟል፣ በአንገቱ ግን እውነተኛ ድንጋይ ተሸክሟል። አሰፋ ይባላል። ኋላ እንደ ነገሩን ዳገቱ ላይ ፈርቶ አልሄድም ብሎ ተቀምጦባቸው ነው የዘገዩት፤ እልልታ ሲሰሙ ግን ግራ ገብቷቸው መጡ። አሰፋ ገባና ያንኑ ገዛኸኝን ያዳለጠውን እርጥብ ድንጋይ ላይ ተደፋ። «ማሩኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ደምሴ ጠመንጃውን ከገዛኸኝ ላይ አንስቶ ወደ እሱ አዞረ።

እማማ በላይነሽ፣ እናትየው ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። አሰፋን አላዩትም።

«ደምሴ» አሉ እንደ ዞሩ። «እኔ ይቅር ብያለሁ።»

«ለሌላ ሰው ነው ያልሽው፣ እማዬ! ለማታውቂው መንገደኛ!»

«ለሌላ ሰው ባይሆን መች እለው ነበር? ሳልል ልቀር ነው የወጣሁት። የወጣሁትም ሽማግሌዎቹን አፍሬ ነው እንጂ፣ እሱን ፊቱን ባየው እተፋበት ነበር። ይሄ ምስኪን ወድቆልኝ፣ እግሩን አይቼ፣ አፌ ተከፈተ። ያልኩት በእግዜር ስም ነው። ቃሌን አልመልስም። ሁለተኛ በይ ብትሉኝ ደግሞ አልችልም።»

ባላምባራስ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቃሉ ተብሏል» አሉ። «ድንጋዩ ግን አልተነሳም። ከቤተሰብ የሚያነሳ ያስፈልጋል።»

«እኔ የድርሻዬን አንስቻለሁ» አሉ እማማ በላይነሽ። መሬት ላይ የተኛውን የገዛኸኝን ገመድ ነው የሚሉት።

የቀረው ደምሴ ነው። ሁላችንም እሱን አየን። ቀይ ሆኖ፣ እያላበው፣ ቆመ። የአሰፋ ጀርባ መሬት ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። በመጨረሻ ደምሴ ዞር አለና ምንሽሩን ገዛኸኝ እጅ ላይ ወረወረው።

«ያዝ!» አለው።

ሲጽፍ እንጂ ሲተኩስ የማያውቀው ጓደኛዬ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቀፈው። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከአሰፋ አንገት ላይ አነሳና ባለ በሌለ ኃይሉ ከአጥሩ ውጪ ወረወረው። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። የልቅሶ ድምፁ እስከ ውጪ ይሰማ ነበር።

ጾመ ነቢያት በመሆኑ በግ አልታረደም። በሽሮና በጠላ እርቁ ተበላ። ሳርዲኑ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚል ክርክር ተነስቶ፣ ቄሱ «ነገሩ እስኪጣራ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው ሰበሰቡት። የጥያቄው መልስ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

በማግሥቱ ባላምባራስ ዘለቀ በቅሎና አህያ አስመጡልን። ገዛኸኝ ስለ ጉዞው ሥርዓት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በቅሎዋ ላይ ወጣ። ወደ ቆላውም አልወረድንም፣ ደብረ ሲናም አልወጣንም። ደብረ ብርሃን ከገባን በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አንኮበር ላይ አንድ የደም ነገር ሸምግዬ መጣሁ» እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። ፈረንጁ ወዳጁ ሥዕል አንሥታችኋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ግን ጨዋታውን ለወጠ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደዚያ ስሄድ እማማ በላይነሽን ጎበኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጥቁሩን አውልቀዋል። አሰፋ በየዓመቱ ከቆላው እየወጣ እርሻቸውን እንደሚያርስላቸው፣ ደምሴም ዘር እንደሚያቀብለው ነገሩኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ተመስገን አልኩ።

«አዎ፣ ተመስገን» አሉ። «ሲያርስልኝ ከኋላው አየዋለሁ። ፊቱን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ምሳውን የማቀብለው ዞሬ ነው።»

ልሰናበት ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ያ ጓደኛህ ደኅና ነው? እሱን ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፣ በለው።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ምንም አላደረገዎትም።»

«እሱማ ምንም ስላላደረገኝ ነው የቻልኩት» አሉኝ።

ይህን ለገዛኸኝ አልነገርኩትም። እሱ እስኪሞት ድረስ ታሪኩን እያሳመረ፣ ራሱን እያጀገነ፣ ሰው ሲያስቅበት ኖረ፤ እኔም አጅቤዋለሁ። አሁን ሳረጅ ግን፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ ሲሰበክ፣ ምእመናኑ ቀላል ነገር የተነገራቸው ይመስል አሜን ሲሉ፣ እኔ አሜን ለማለት እዘገያለሁ። ፊታቸውን አዙረው ምሳ የሚያቀብሉት እኚያ እናት ይታዩኛል።